አንድ «ላይ» አይበቃም

ማማ ከቢራ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከሆስፒታል ሲመለሱ አብራቸው አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ መጣች። ማማ ከቢራ የምንላቸው የአሠሪዬን የመዳምን እናት ነው፤ ትልቋ እናት እንደ ማለት። እኔ ሪያድ፣ መላዝ ሰፈር ካለው ቤታቸው ከገባሁ ቆይቼ ነበር፤ ውሌ አልቆ ታድሷል፣ የታደሰውም ሊያልቅ ነው። አረብኛው እንደ ውሃ ባይወርድልኝም አልቸገርም። ነርሷ ግን ከአረብኛ የምታውቀው «ያላ» እና «ኸላስ»ን ብቻ ነው። መዳም አስተማሪ ስለሆነች እንግሊዝኛ ትችላለች፤ ሆኖም በጠዋት ወጥታ የምትመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ እኔና ነርሷ አንዲት ቁጡ አሮጊት መሃል አስተኝተን በእኔ የአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ መግባባት ግድ ሆነብን።

የአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ ስል፣ ወሎ እያለሁ መምህሩ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ እኛ በአንድ ድምፅ የምንደግመውን ማለቴ ነው። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ድመቷ ጠረጴዛው ስር ናት። ጉሮሯችን እስኪደርቅ ብለነዋል። ድመቷ እዚያ ምን ትሠራ እንደነበር ግን ማንም አልነገረን።

የመጀመሪያው ጠብ የተነሳው በተረከዝ ነው። ነርሷ ማማ ከቢራን ልታጥብ ውሃ እያዘጋጀች የእሳቸውን እግር እንዳስተካክል ነገረችኝ። ከንግግሯ ውስጥ ተረከዝ የሚለውንና ፍራሽ የሚለውን ለየሁ፤ በሁለቱ መሃል «አባቭ» አለች። ተረከዝ፣ ላይ፣ ፍራሽ። ይሄ ምን ይከብዳል? ተረከዛቸውን ፍራሹ ላይ አመቻችቼ አሳረፍኩና አንሶላውን ወጠር ወጠር አደረግሁት። ነርሷ ዞር ብላ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ኖ! ይሄ ‹ኦን› ነው። እኔ ያልኩሽ ‹አባቭ› ነው!»

«አዎ፣ ላይ!» አልኳት በአማርኛ። ስደነግጥ የሚቀድመኝ እሱ ነው።

የውሃውን ሳህን አስቀምጣ መጣች። መዳፏን ኮመዲኖው ላይ ለጥ አድርጋ «ኦን» አለች። ከዚያ መዳፏን ብድግ አድርጋ፣ በእጇና በእንጨቱ መካከል አየር እንዲያልፍ ትታ፣ «አባቭ» አለች። ትራስ አንስታም ከማማ ከቢራ ባት ስር ወሸቀችው። ተረከዛቸው ተንሳፈፈ፤ ፍራሹን አይነካም። ተረከዝ ፍራሽ እንደነካ ከዋለ ቆዳው ይቀላል፤ ከቀላ በኋላ ይቆስላል፤ በእሳቸው ዕድሜ ደግሞ ቁስል ቶሎ አይሽርም። ይህን ያስረዳችኝ በቃል አይደለም። ተረከዙን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ስትለቀው፣ የጀመረው ቅላት እንዳልጠፋ አሳየችኝ። የአንድ ቃል ልዩነት የሰው ሥጋ ላይ ሲወጣ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቅላቱ በጥቂት ቀናት ለቀቀ። እኔን ግን ቃላቱ አልለቀቁኝም። ምግብ እየሠራሁ፣ ምንጣፍ እየጠረግሁ አፌ አያርፍም። ድስቱ ምድጃው ‹ኦን›። መብራቱ ከራሴ ‹አባቭ›። ብርድ ልብሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ፤ ነርሷ ብርድ ልብሱን እግራቸው «ኦቨር» አድርጊ ትለኛለች። ይሄስ ‹ኦን› አይደለም እንዴ? ነክቶ የለም ወይ? መልሷ አንሶላውን አንስታ እኔን ከራስ ፀጉሬ እስከ ወገቤ መከናነብ ነበር። «ኦቨር» አለች ከውጭ። ከውስጥ ሆኜ ገባኝ፤ የሸፈነ፣ ያለበሰ ነው። ማማ ከቢራ አልጋቸው ላይ ሆነው ሳቁ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የሽንት ከረጢቱ መጣ። ቱቦ ነበራቸው፤ ከቱቦው ጫፍ ከረጢት ይንጠለጠላል። ነርሷ አንድ ጠዋት ልብስ ልታጥብ ስትወጣ «ከረጢቱ ‹ቢሎው ማማ› ይሁን» ብላኝ ሄደች። እኔ ‹ቢሎው› እና ‹አንደር› ያው ስር ነው ብዬ ከረጢቱን ከጭናቸው ስር ሸጎጥኩት። ትንሽ ቆይተው ማማ ከቢራ ጮኹ።

«ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ! እንቁላል አስታቀፍሽኝ እንዴ?»

ነርሷ እየሮጠች ገባች። ከረጢቱን አወጣችና ከአልጋው ጎን ካለው ብረት ዝቅ አድርጋ አንጠለጠለችው፤ ወለሉንም አይነካ፣ ማማ ከቢራንም አይነካ። ከእሳቸው ዝቅ ካለ ሽንቱ በራሱ ይወርዳል፤ ከፍ ካለ ወይም ከተጨፈለቀ ተመልሶ በሽታ ያመጣል። ‹አንደር› ከስሩ ነው፣ ‹ቢሎው› ከእሱ ዝቅ ያለ ቦታ ሁሉ ነው። ደጋግማ እያመለከተች ነገረችኝ፤ ስታስረዳ ትቸኩላለች፣ ስትቸኩል ትቆጣለች፣ ተቆጥታ ስትጨርስ ደግሞ ከረሜላ ትሰጠኛለች።

ያን ዕለት ዕቃ ሳጥብ ነው ነገሩ የበራልኝ። ፍራሹ ላይ። ከፍራሹ በላይ። ሁለቱ አንድ አይደሉም! ለካ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስለያቸው ኖሬያለሁ። ጣሪያው ላይ ያለች ወፍና ከጣሪያው በላይ የምታልፍ ወፍ ለማናችንም አንድ ሆነው አያውቁም። ከጭን ስርና ከጭን በታችም እንደዚያው ነው። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ እንግሊዝኛው ሲመጣ ግን ሁሉንም «ላይ» ብዬ አንድ ስልቻ ውስጥ ከተትኩት። እጄ አረፋ እንደለበሰ ወደ ክፍሉ ሮጬ ለነርሷ ልነግራት ሞከርኩ። አማርኛ ስለማታውቅ ምን እንዳስደሰተኝ አልገባትም። «ጉድ፣ ጉድ» አለችኝና፣ በእንግሊዝኛው ጥሩ ማለቷ ነው፣ ወለሉ ላይ ያንጠባጠብኩትን ውሃ አሳየችኝ።

የደስታዬን ያህል ግን እረፍት አልነበረኝም። በዚያ ሰሞን መቀመጥ ተስኖኝ ነበር። የጨረስኩትን ሥራ እንደገና እጀምራለሁ፤ የተጠረገ እጠርጋለሁ፤ መስኮቱ ጋ ሄጄ መንገዱን አያለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ መስኮቱ ጋ ራሴን አገኘዋለሁ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ የቤት ሠራተኛ ይላል፣ ሌላ ዓመት ብጨምርም እንደዚያው ይላል፣ ወደ አገር ብገባም ይዤ የምገባው ሙያ የለም። መኖርም መሄድም ያው እየመሰለኝ ልቤ እንደተንጠለጠለ ይውላል።

ይህን ያየችው ነርሷ ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ ማማ ከቢራን ጎን ካስቀየርን በኋላ አስቁማ ጠየቀችኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እግርሽ ለምን አያርፍም?»

«አላውቅም ሲስተር።»

«ራውዳ ሰፈር ውስጥ አረጋውያን ሴቶችን የሚንከባከቡበት ቦታ አለ፤ መጀመሪያ የሠራሁት እዚያ ነው። ረዳት ይቀጥራሉ። ሠራተኞቹ ከየአገሩ ስለሆኑ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው። እጅሽ ጥሩ ነው። አፍሽ ግን...» አለችና ከንፈሯን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላችን ትምህርት ሆነ። ማስተማሪያችን የማማ ከቢራ አልጋ ነበር። ማማ ከቢራ ተሸፋፍነው ሲተኙ ‹ኢን ቤድ› ናቸው፤ ነርሷ ዳር ላይ ስትቀመጥ ‹ኦን ዘ ቤድ› ናት። ሰው እንዴት አልጋ ውስጥ ይገባል ብዬ ተከራከርኩ፤ ሰው ጎተራ የሚገባ ጤፍ ነው እንዴ? በሌላ ቀን መድኃኒት ያመጣውን ሰው በእኛ አማርኛ በር ላይ ቆሟል ብዬ «ሰውዬው ‹ኦን ዘ ዶር› ነው» አልኳት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በሁለት እጇ ግድግዳውን ቧጥጣ እንደ እንሽላሊት ተለጠፈችና «‹ኦን ዘ ዶር› እንዲህ ነው» አለች። «ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ ‹አት› በይ።»

ማማ ከቢራ መጀመሪያ በጫጫታችን ተማረሩ፣ ቀጥሎ ማዳመጥ ጀመሩ፣ በመጨረሻ ካልተሳተፍኩ አሉ። «ፎግ ፎግ ነው» ይላሉ በአረብኛ፤ ፎግ የእኛው «ላይ» ነው። «የነካውም ፎግ፣ ያልነካውም ፎግ። እነዚህ እንግሊዞች ስንት ፎግ ነው ያላቸው?» ቢሆንም ነርሷ ትራስ ስታነሳ «አባቭ! አባቭ!» እያሉ የሚያዟት እሳቸው ሆኑ።

የነርሷ ውል አለቀና አገሯ ገባች። ስትሄድ አቅፋኝ «ስትናገሪ አትሩጪ» አለችኝ፤ ራሷ ሮጣ የምትናገር ሴት። ማማ ከቢራ በዚያን ጊዜ ቱቦው ወጥቶላቸው በመደገፊያ ብረት ሳሎን ድረስ መሄድ ጀምረው ነበር። ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታው ይበልጥ አቁነጠነጠኝ። ብቻዬን ግድግዳውን እያየሁ እንግሊዝኛ አወራለሁ፤ መዳም ስትሰማኝ እያመመኝ እንደሆነ ትጠይቀኛለች።

አንድ ጠዋት መዳም ወደ ሥራ ከወጣች በኋላ ማማ ከቢራ ቁርሳቸውን ገፋ አደረጉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ወዲያው አስመለሳቸው፣ ላብ አጠመቃቸው፣ ከዚያ ጥርሳቸውን ነክሰው ማቃሰት ጀመሩ። ጥርስ ስል ድዳቸውን ማለቴ ነው፤ ሰው ሠራሹን ጥርስ ገና አላደረጉም ነበር። መዳም ጋ ደወልኩ፤ ክፍል ውስጥ ስለሆነች አታነሳም። ሾፌሩ እሷን ይዞ ሄዷል። አምቡላንስ ጠራሁ። እስኪመጣ ድረስ ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አልጋው ተመላለስኩ። ለመዳም በድምፅ መልእክት ላኩላት፣ ካልሰማችው ብዬ ደግሜ ላኩ።

ሆስፒታል ስንደርስ በር ላይ የተቀበለችን ነርስ ሕንዳዊት ነበረች፤ እንደ ሁኔታዋ ለከተማው አዲስ ናት። ማማ ከቢራ በቁጣና በሕመም፣ ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ በቆየ የሪያድ አነጋገር ያወራሉ። ነርሷ አንድም ቃል አልያዘችም። አሻግራ እኔን አየችኝ።

«እንግሊዝኛ ትችያለሽ?»

ትንሽ እላለሁ ብዬ ሳስብ «የስ» አልኩ።

«ሕመሙ የት ነው? ‹ኢን ዘ ቼስት›? ደረቷ ውስጥ ነው?»

ለማማ ከቢራ በአረብኛ ጠየቅኋቸው። «ጠሕት!» አሉኝ። ስር። የምን ስር? ከደረት ዝቅ ብሎ ከሆነ ‹ቢሎው› ነው፤ ከአጥንት ስር ከሆነ ‹አንደር› ነው። እጃቸውን ይዤ «እዚህ ነው እዚህ?» እያልኩ ገላቸው ላይ አንቀሳቀስኩት። ከቀኝ ጎድናቸው ጫፍ ሲደርስ አንባረቁ፤ ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሊሰኩ ምንም አልቀራቸው።

«‹ኢን› አይደለም» አልኳት ነርሷን። «‹አንደር›። ከዚህ ‹አንደር›» አልኩና የራሴን ጎድን ነካሁ።

ማማ ከቢራ እጅጌዬን ጎተቱኝ። «ከኋላም ነው በያት፣ ከኋላም!»

«‹ቢሃይንድ›ም ያማታል» አልኩ።

የነርሷ ዓይን ፈጠጠ። «‹ቢሃይንድ ዘ ቼስት›? ከደረቷ አጥንት በስተኋላ?»

እንደዚያ ከሆነ ልብ ነው። ጀርባ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ከአፌ ጠፋ፤ ስንት ቀን የተለማመድኩት ቃል! ስትናገሪ አትሩጪ የሚለው ትዝ አለኝ፤ ሆኖም ቆሜ ላስብ ብል ማማ ከቢራ እያቃሰቱ ነው። በመጨረሻ ዞርኩና ጀርባዬን ሰጠኋት፤ እጄን አጥፌ በሁለቱ ትከሻዎቼ መሃል እየጠቆምኩ «‹ቢትዊን›! እዚህ፣ ‹ቢትዊን›!» አልኩ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያየኛል። አባያዬ ተንሻፎ፣ እጄ ጀርባዬ ላይ ታጥፎ፣ ግድግዳውን እያየሁ ነበር የማወራው።

«ኦኬ፣ ኦኬ» አለች ነርሷ ለስለስ ብላ። «ገባኝ።»

ጻፈችው። ቢሆንም የልብ ምርመራውን ወዲያው አደረጉላቸው፤ እኔ ምንም ብል የሚቀር አልነበረም። ብዙ ሳይቆይ አንድ ሐኪም መጣ። ዐረብ ነው። ከማማ ከቢራ አጠገብ ቁጭ ብሎ «ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ የት ነው የሚያምሽ?» አላቸውና እኔ ላቤ ጠብ እስኪል የታገልኩበትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጠይቆ ጨረሰ። ጥግ ቆሜ አዳመጥኩ። የነገሩት እኔ ካልኩት ጋር አንድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወንበር ፈለግሁ።

የሐሞት ጠጠር ነበር፤ የሐሞት ከረጢታቸው ተቆጥቷል። መዳም እያለከለከች ደረሰች። የእናቷን ግንባር ሳመች፣ ቀጥሎም እኔን ሳታስበው አቀፈችኝ። ከገባሁ ጀምሮ ነክታኝ አታውቅም ነበርና ሁለታችንም ትንሽ ግራ ተጋባን።

ማማ ከቢራን አስተኟቸው። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ፊሊፒንስ ላለችው ነርሳችን ልጽፍላት ስልኬን አወጣሁ። ሆስፒታል ነን ልል ጀምሬ ጣቴ ቆመ። እሳቸው ተኝተዋል፤ እኔ ደግሞ ጠያቂ ነኝ። አንድ ቃል ለሁለታችን አይሆንም። ማማ ‹ኢን ሆስፒታል› ናት፣ እኔ ‹አት ዘ ሆስፒታል› ነኝ ብዬ ላክሁ። መልሱ ወዲያው መጣ። «ትክክል ነው!» ይላል። ወዲያው ስልኩ ጠራ፤ እየጮኸች «ማማ ምን ሆና ነው?» አለችኝ። መምህርነቷ ከድንጋጤዋ ቀድሞ ነበር። ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ።

ኦፕሬሽኑ በሰላም አለቀ፤ አልሃምዱሊላህ። ማማ ከቢራ ቤት ገብተው ምግብ እንደ ቀድሞው መተቸት ሲጀምሩ፣ ከዚህ በላይ መቆየት እንደማልችል አወቅሁ። ሻይ ይዤላት ስገባ ለመዳም ነገርኳት።

«መዳም፣ ነቅል እፈልጋለሁ።» ነቅል የምንለው ኢቃማን ከአንዱ ከፊል፣ ማለትም ከአንዱ አሠሪ፣ ወደ ሌላው ማዛወርን ነው።

ሻዩን አላነሳችም። «ምን አጎደልንብሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ልቤ አልቀመጥ አለኝ። ራውዳ ሽማግሌ የሚጠብቁበት ቦታ አለ። መማር እፈልጋለሁ።»

«የእናቴንስ ነገር ለማን ትተሽ?»

ሻዩን ወደ እሷ አስጠጋሁላት። ኢንሻአላህ እናያለን አለችኝ፤ እናያለን ማለት እምቢ ማለት እንደሆነ ሪያድ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ማማ ከቢራ ሲሰሙ ደግሞ አኮረፉኝ። ሻይ ስሰጣቸው ግድግዳውን ያያሉ፤ እግራቸውን ሳሽ እንደ እንጨት ያደርቁታል። ኩርፊያቸው ከመዳም «እናያለን» ይልቅ አንገበገበኝ። ብዙ ጊዜ ሐሳቤን ልቀይር ወደ ክፍላቸው ሄጄ ከደጃፉ ተመልሻለሁ። አንድ ዓርብ መዳም ባለችበት ድንገት ዝምታቸውን ሰበሩ።

«ልቀቂያት» አሉ ለልጃቸው። «ከወዲያ ወዲህ ስትል እኔን አዞረችኝ። ግን ሌላ ሰው ሳታለማምድ ንቅንቅ አትልም።»

ሌላዋ ሰው ከኡጋንዳ መጣች። ለእሷ ለማስረከብ ስንት ቀን በእንግሊዝኛ ስዘጋጅ ከረምኩ። ትራሱን፣ ተረከዙን፣ መድኃኒቱን ቀስ ብዬ፣ ሳልሮጥ አስረዳኋት። ጨዋ ልጅ ናት፤ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ አፏን ስትከፍት እንግሊዝኛው እንደ ዝናብ ወረደ፤ ትምህርት ቤት የተማረችበት ቋንቋ ኖሯል። አሥር ዓረፍተ ነገር ስትል ሁለቱን ነው የያዝኩት። ማማ ከቢራ እኔን አዩኝ፣ እሷን አዩ፣ «ማሻአላህ፣ ይቺስ ፎጎቹን ሁሉ ታውቃለች» አሉ። አፈርኩ፤ ግን ቀለለኝም።

ራውዳ ለሥራው ልትቀጥረኝ የጠየቀችኝ ኃላፊ ሴት በሽተኛ እንዴት ጎን እንደሚቀየር ንገሪኝ አለችኝ። በእጄ ማሳየት ስጀምር «እጅሽን አያለሁ፣ አፍሽን ልስማ» አለች። ነገርኳት። አንድ ቦታ ‹አት› ማለት ሲገባኝ ‹ኢን› አልኩ፤ ራሴ ሰማሁት፣ ላርመው ብዬ ሌላም አበላሸሁ። አላቋረጠችኝም። ወረቀቱ ሲዛወር ጀምሪ አለችኝ። ለመዛወርም ወራት ፈጀ፤ በየቀኑ ስልኬን ከፍቼ መጥቶ እንደሆነ አያለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ።

አሁን እዚህ ራውዳ ነኝ። ክፍል የምጋራቸው ሌሎች ሠራተኞች አሉ፤ ዓርብ ዓርብ ብቻዬን መንገድ እወጣለሁ። የምጠብቃት ሴትዮ ምላሷን ሽባ ያደረገ በሽታ ያለባት ናት፤ በየትኛውም ቋንቋ አትናገርም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጠዋት የአልጋዋን ብረት በጣቷ ደጋግማ መታች። ትራስ መሰለኝ፤ አይደለም። ውሃ መሰለኝ፤ አይደለም። ሽንት ቤት፣ ብርድ ልብስ፣ የወገብ ሕመም፤ አንዱም አይደለም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የእኔም ሊመጣ ነው። መጨረሻ ላይ ግራ ገብቶኝ መጋረጃውን ገለጥኩት። ፀሐይ ወደ ክፍሉ ገባ። ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ብርሃኑ መለሰች፣ እጇም ከብረቱ ወረደ።

አጠገቧ ቆምኩ። ሌላ ሥራ ይጠብቀኛል፣ እግሬም መሄድ መሄድ ይለኛል። ፀሐዩ ከፊቷ እስኪያልፍ ግን አልተንቀሳቀስኩም።